የወርቅ ቀንዷ ጊደር እና የውብነህ ሞት

ውብነህን ሲያገኙት ቡሬካስ የሚሉትን በአይብ የተሞላ መክሰስ በእጁ እንደያዘ ነበር። የነከሰው አንዴ ብቻ ነው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ፊት ተደፍቶ ግንባሩ የመኳኳያው ጠረጴዛ ላይ አርፏል፤ ከማጅራቱ በላይ ራሱ ተፈንክቷል። ከእግሩ ሥር፣ የመድረኩ ሰሌዳ እንዳይወድቅ የሚጫንበት ከባድ ብረት ተጥሏል። በመጀመሪያው ክፍል ንጉሥ ሆኖ ሲጫወት የደፋት የካርቶን ዘውድ አንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥላለች። በቁሙም ቢሆን ያችን ዘውድ ማውለቅ የሚወድ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ሬሆቮት ከተማ፣ ሻዓራይም ከሚባለው ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ የባህል አዳራሽ፣ እንደ ፈረንጅ በ2006፣ በአይሁድ የመብራት በዓል በሐኑካ ሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ነው። መርማሪ ማናለሽ ከአለቃዋ ከሊኦር ጋር ስትደርስ ወላጆች ልጆቻቸውን ጃኬት በግድ እያለበሱ ያወጡ ነበር። ማናለሽ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ዓይኗ የማይለቅ ሴት። ሊኦር እግሩ ከጭንቅላቱ የሚቀድም አለቃ ነው። ገና ከመኪና ሳይወርድ ገዳዩን ለመያዝ ቸኩሏል፤ የትኛውን ገዳይ እንደሆነ ግን ግድ የለውም።

በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «የወርቅ ቀንዷ ጊደር። ለመላው ቤተሰብ የሚሆን ሙዚቃዊ ተውኔት። ድርሰት፦ ውብነህ። ዝግጅት፦ ውብነህ። ንጉሡ፦ ውብነህ።» የዘፋኟ የኑሪት ስም ከታች፣ ከአዳራሹ ስልክ ቁጥር በላይ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል ተጽፏል።

«ይሄ ሰውዬ እናቱንም ራሱ ነው የወለዳት?» አለች ማናለሽ።

ተውኔቱን በቤኤር ያዕቆብ አሳይተውታል፣ በነስ ጺዮና አሳይተውታል፣ አሁን ተራው የሬሆቮት ነበር። ለመላው ቤተሰብ ይላል። ለመላው ቤተሰብ ተብሎ የተሠራ ነገር ብዙ ጊዜ ለማንም አይሆንም፤ ለልጁ ይረዝማል፣ ለአዋቂው ያጥራል፣ ለአሮጊቷ ጆሮዋን ያደነቁራታል። በታሪኩ አንድ ክፉ ንጉሥ ጊደሯን ቀንዷ ወርቅ ስለሆነ ሊያርዳት ሲል ራሱ ይሞታል፤ በሁለተኛው ክፍል ጊደሯ ሰው ሆና ትዳራለች። ላም ለምን ሙሽራ እንደምትሆን የጠየቀ ልጅ ካለ እናቱ በክርኗ ጎሽማው ዝም ብሏል።

ሬሳውን ያገኘችው አዳራሹን የምታጸዳው እልፍነሽ ናት። መጥረጊያዋን እንደ ከዘራ ተደግፋ ጠበቀቻቸው።

«ቡሬካሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሁለተኛው ክፍል ሊጀመር ደወል ሲደወል። እሱ አንዴ ንጉሡን ሆኖ ከሞተ በኋላ ሥራ የለውም፤ ቁጭ ብሎ ይበላል። ትኩስ ካልሆነ ይሰድበኛል። እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ፣ አመሰግናለሁ አላለም። ቢል ነበር የሚገርመኝ።»

«ፈጥኖ ነው የሚበላው፣ እትዬ እልፍነሽ?»

«እንደ ውሻ ነው የሚውጠው! በሩን ሳልዘጋ ግማሹ ያልቃል።»

«ከዚያስ እርስዎ የት ሄዱ?»

«የልጆቹን ሽንት ቤት ላጥብ። ሦስት መቶ ልጅ የገባበት ሽንት ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ? ትርኢቱ አልቆ ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር ለአባ ሽበሺ ዳቦ ወሰድኩለት፤ ማሲንቆ የሚመታው ሽማግሌ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጧል። ምን ዋጋ አለው! ‹እጄ ላይ አታድርጊው፣ መሬት ላይ አስቀምጪው› አለኝ። ሽንት ቤት ስለማጥብ ተጸየፈኝ ብዬ ሆድ ባሰኝ። ልጆቹም ጉልበቱን ሊስሙ ቢሮጡ ‹ወግዱ!› ብሎ አባረራቸው። ሁልጊዜ የሚመርቅ ሰው እኮ ነው። ከዚያ ተመልሼ ክፍሉን ልጠርግ ብገባ... ይሄው፣ ከጩኸቱ እስካሁን ጉሮሮዬ ያመኛል።»

ማናለሽ ጻፈች። «ተውኔቱስ እንዴት ነው?»

«ልብሱ ያምራል። የልጅቱ ድምፅ ሆድ ይበላል። ከቀረው ግን ወለሉ ላይ የሚቀረኝ ፋንዲሻ ይበልጣል።»

ሊኦር ትዕግሥቱ አለቀ። በዕብራይስጥ፣ «ምን ያደርግልሻል? ጋዜጣ ላይ ልትተቺ ነው?» አላት።

«ሰው ስለ ሥራው ሲያማ ራሱን መጠበቅ ይረሳል። ተወኝ።»

«ቤሰደር፣ እሺ፣ አንቺ ስለ ላም ተጫወቺ። እኔ ዕቃ ልፈትሽ።»

ኑሪት መድረኩ ጠርዝ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣለች፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት አያቷ ሽበሺ ነው። በዚያ ሁሉ ካርቶንና ሙጫ መሐል እውነተኛ የነበረው ነገር የሷ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች፣ ሟቹም ያውቅ ነበር፣ ስለዚህም ነው ስሟን ያሳነሰው።

«በዕረፍቱ ከውብነህ ጋር ስትጮኹ ሰው ሰምቷል።»

«በየቀኑ ነው የምንጮኸው። ዛሬ ‹ከሐኑካ በኋላ አልመጣም› አልኩት። ‹ያለ እኔ ማን ያውቅሻል?› አለኝ። ‹ያለ እኔ አንተን ማን ይታገሥሃል?› አልኩት። ትተን ወደ ሥራችን ሄድን።»

«የተውኔቱ ድካም ምንድን ነው?»

ኑሪት ቀና ብላ አየቻት፤ የምትቀልድ መስሏት ነበር። ከዚያ ግን ተከፈተላት። «ከየት ልጀምርልሽ? ንጉሡ ለመሞት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። አንዴ ይወድቃል፣ ተነሥቶ ይናገራል፣ ደግሞ ይወድቃል። ልጆቹ ‹ሙት በቃ!› ይሉታል። ደግሞ ግጥም የሚጽፍልን የሳሙኤል ዘፈን አለ። ጊደሯ ዘሯን ትቆጥራለች። እናቷን፣ የእናቷን እናት፣ እስከ ዐሥራ ሁለት ቤት። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ! ላሟ የዳዊት ዘር ናት እንዴ? እናቶች ስልካቸውን ያወጣሉ፣ ልጆች ሽንታቸውን ይይዛሉ።»

ሊኦር እየሮጠ መጣ። በሁለት ጣቱ ቀይ ሻርፕ አንጠልጥሏል፤ ጫፉ በደም ደርቋል።

«ይሄ የማነው?»

«የእኔ ነው» አለች ኑሪት። «ለዘር ቆጠራው ዘፈን የምለብሰው። ዘፈኑ ሲደርስ ልብስ መቀየሪያው ሄጄ አመጣዋለሁ። ዛሬ ግን እኔ...»

«በአያትሽ የማሲንቆ ከረጢት ውስጥ ነው ያገኘሁት! ገብተሽ መታሽው፣ እጅሽን ጠረግሽበት፣ ሽማግሌው ደበቀልሽ። ያላ፣ ተነሺ።»

ኑሪት ፊቷ አመድ መሰለ። የምትሄድበት እስር ቤት እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ከሊኦር ጥድፊያ ገባት። ዞራ በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከተች። አያቷ ዛፉ ሥር ነው። ቀና ብሎ አላያትም።

«ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» አለች ማናለሽ።

«ሻርፑ በቂ ነው።»

«ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ተሳስቼ ብገኝ ለጣቢያው ሁሉ ንገር፤ መቼም ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ።»

ሊኦር ሰዓቱን አየ። ደስ እንደሚለው እሱም ያውቃል። ኑሪትን አንድ ፖሊስ አጠገቧ አቁሞ ተዋት።

ጀምበሩ የቡድኑ ሾፌር ነው። አውቶቡሱን ካቆመ በኋላ ደግሞ ፎቁ ላይ ካለችው ትንሽ ክፍል ሆኖ መብራቱንና የሙዚቃውን ዲስክ ያስነሣል። የአዳራሹ ሠራተኛ አጠገቡ ተቀምጦ ሱፍ ሲፈለፍል እንደዋለ ሁለቱም ተናግረዋል፤ መሬቱም ይመሰክራል።

«የተውኔቱ ጥንካሬ ምንድን ነው?» አለችው ማናለሽ።

«ማለቁ» አለ ጀምበሩ። «ዛሬ ደግሞ ተባርኮ ነበር፣ ቶሎ አለቀ። የሠርጉን ዲስክ ሳስነሣ ቡናዬ ገና አልቀዘቀዘም።»

«ማን አዘዘህ?»

«ሟቹ፣ ነፍሱን ይማረውና። በዕረፍቱ መጥቶ ጣቱን አንገቱ ላይ እንዲህ አደረገ።» ጀምበሩ አንገቱን በጣቱ ቆረጠ። ወዲያው ምን እንዳሳየ ገብቶት እጁን ደበቀ። «ለኑሪትና ለአባ ሽበሺም ነገርኳቸው አለኝ። ‹ለሌላ ሰው አትንገር፤ ያ ሰውዬ ከሰማ ጆሮዬን ይበላኛል› አለ።»

ማናለሽ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። የሚያምር ፈገግታ አልነበረም።

ሳሙኤል አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ሌሊት ሌሊት ነስ ጺዮና አንድ መጋዘን ይጠብቃል፤ ቀን ቀን ራሱን ገጣሚ ይላል። ኮቱ ተተኩሷል፣ ጫማው ግን እስከ ማሠሪያው ጭቃ ነው።

«የት ነበሩ፣ አቶ ሳሙኤል?»

«መጨረሻው ረድፍ፣ ጥግ። ደራሲ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። የሕዝቡን ጀርባ ያነባል።»

«ዛሬስ ጀርባው ምን ይላል?»

ሳሙኤል አንገቱን አቀና። ይሄን ጥያቄ ሰው እንዲጠይቀው ዓመታት የጠበቀ ይመስላል። «ውብነህ፣ በሞተ ሰው አይፈረድም እንጂ፣ ጥበብ አያውቅም ነበር። ሲወድቅ ሲነሣ ልጆቹ ያዛጋሉ። የእኔ የዘር ቆጠራ ዘፈን ላይ ግን አዳራሹ እንደ ምኩራብ ጸጥ አለ። ኑሪት ቀይ ሻርፗን ለብሳ ወጣች። አራተኛው ቤት ላይ አንዲት አሮጊት እንባዋን ስትጠርግ አይቻለሁ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። በእነዚህ ዓይኖቼ። ከዚያ ዘፍና ጨርሳ ወደ ጓዳ ገባች። ለሠርጉ ስትመለስ ሻርፑ የለም። እኔ ማንንም አልከስም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

«በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ ላይ ስምዎን አላየሁትም።»

«እኔም ማስታወቂያውን አላየሁትም።»

«በዚያው በር ነው እኮ የገቡት።»

«ደራሲ በር አያነብም» አለ ሳሙኤል፣ ኮቱን እየቆለፈ።

የቀረው ሽበሺ ነበር። ሽማግሌው ዛፉ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ዳቦው ሳይነካ መሬት ላይ ነው። ማናለሽ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዛ ሄደች። እጁ ላይ አልሰጠችውም። መሬት አስቀምጣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች።

ሽበሺ ብርጭቆውን አየ፣ ከዚያ እሷን። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የጎንደር ነኝ፣ አባ ሽበሺ። አያቴ ቄስ ነበሩ።»

«እንግዲያው ልጄን አታስወስጃት። እኔን ውሰዱኝ። የመታሁት እኔ ነኝ።»

«በየትኛው እጅዎ?»

ሽማግሌው ቀኝ እጁን አነሣ። ክንዱ ከደረቱ አላልፍ አለ፤ ትከሻው ከተጎዳ ቆይቷል። ግራውን ሞከረ። እሱም ከፍ ሲል ተንቀጠቀጠ።

«ሰባ ዓመት ሙሉ ውሸት ሳይማሩ ኖረው አሁን አይጀምሩት፤ አያምርብዎትም» አለችው ማናለሽ። «ወደ መድረኩ ይምጡ። ከሰው ርቀው ይቆማሉ፤ ማንም አይነካዎትም።»

ሁሉም መድረኩ ላይ ተሰበሰቡ። ከኋላቸው ሰሌዳው ላይ የተሳለው ተራራ አለ፤ ሠዓሊው ተራራ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። የጊደሯ የካርቶን ጭንቅላት ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ኑሪት ከፖሊሱ ጋር፣ ጀምበሩ ከሳሙኤል አጠገብ፣ እልፍነሽ ከመጥረጊያዋ ጋር፣ ሽበሺ ለብቻው ጥግ። ሊኦር ሰዓቱን እያየ።

«ቡሬካሱን እናስቀድም» አለች ማናለሽ። «ውብነህ ትኩስ ቡሬካስ የተቀበለው የሁለተኛው ክፍል ደወል ሲደወል ነው። ፈጥኖ የሚበላ ሰው ነው። የነከሰው ግን አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ የተመታው በሩ እንደተዘጋ፣ ክፍሉ በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው። በዚያን ሰዓት ኑሪትና አባ ሽበሺ ሦስት መቶ ሰው ፊት ነበሩ። ጀምበሩ ፎቁ ላይ፣ ሱፍ ከሚፈለፍለው ሠራተኛ ጋር ነበር።»

«ሻርፑስ?» አለ ሊኦር።

«እመጣለሁ። አባ ሽበሺ ሬሳው ሳይገኝ በፊት ዳቦ በእጃቸው አልቀበልም አሉ፣ ልጆች ጉልበታቸውን እንዳይነኩ አባረሩ። አለቃዬ ይሄን የሽማግሌ ኩርፊያ ነው ብሎ ያልፈዋል። በአባቶቻችን የኦሪት ሥርዓት ግን ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ሰው አይነካም፣ ሰውም አይነካውም። ውብነህ መሞቱን ከእትዬ እልፍነሽ በፊት ያወቀ ሰው ነበረ ማለት ነው። ሠርጉ በዲስክ ስለሆነ ማሲንቆ አያስፈልግም፤ ያን ጊዜ ለዕረፍት ገቡ። ውብነህ ተደፍቶ አገኙት። አንገቱን ዳሰሱት፤ ሞቷል። አጠገቡ ቀይ ሻርፕ፣ ደም ያለበት፣ የልጃቸው። አንሥተው ደበቁት። ዓለምን ሁሉ ሊዋሹ ቆርጠው ነበር፤ ለእግዜር ግን መዋሸት አልቻሉም። ሄደው ዛፍ ሥር ተቀመጡ።»

ሽበሺ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ኑሪት ወደሱ ዞረች።

«አሁን አቶ ሳሙኤል» አለች ማናለሽ፣ ድምፅዋን አለስልሳ። «ለእኔ የነገሩኝን ለአለቃዬም ይንገሩለት። ዘፈንዎ ዛሬ እንዴት ዋለ?»

ሳሙኤል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ፤ መድረክ ላይ መሆኑን ያስታወሰ ይመስል። «ኑሪት ቀይ ሻርፗን ለብሳ ወጣች። ዐሥራ ሁለቱንም ቤት ዘፈነች። አዳራሹ እንደ ምኩራብ ጸጥ አለ። አራተኛው ቤት ላይ አንዲት አሮጊት...»

ጀምበሩ ሳቀ። ሊይዘው ሞክሮ ነበር፤ አልቻለም፣ በአፍንጫው አመለጠው።

«ምን ያስቅሃል?» አለ ሳሙኤል።

«ዘፈኑ ዛሬ አልተዘፈነም እኮ!» አለች ኑሪት። «ውብነህ በዕረፍቱ ቆረጠው። ሻርፑን አልለበስኩትም፤ ከተሰቀለበት ላመጣውም ከመድረኩ አልወረድኩም። በቀጥታ ወደ ሠርጉ ነው የሄድነው። ይሄን ልናገር ስል ነው ይሄ ሰውዬ የጮኸብኝ!»

«አንድ አባት ሁሉንም በካሜራው ቀርጾታል» አለች ማናለሽ። «ካሴቱ እጄ ላይ ነው። ዘፈን የለም፣ ሻርፕ የለም፣ የምታለቅስ አሮጊትም የለችም። እርስዎ መጨረሻው ረድፍ ላይ አልነበሩም። ውብነህን ከኋላ መቱት፣ በሻርፑ እጅዎን ጠረጉ። አልጠራ ሲልዎ በጓሮ በር ወጥተው ደጅ ካለው ቧንቧ ታጠቡ። ዝናብ ከጣለ ሳምንት ሆኖታል፣ ጫማዎ ግን ጭቃ ነው። ተመልሰው አዳራሽ ሲገቡ ሠርጉ ተጀምሯል፤ ዘፈኑ አልፏል ብለው አሰቡ። ለምን እንደመቱት በሩ ላይ ተለጥፏል።»

ሳሙኤል ይሄን ሁሉ የሰማ አይመስልም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዓይኑ ከኑሪት ወደ ጀምበሩ፣ ከጀምበሩ ወደ ኑሪት ተመላለሰ።

«ቆረጠው?» አለ በመጨረሻ። «ዘፈኔን? ዐሥራ ሁለቱንም ቤት?»

«ዐሥራ ሁለቱንም» አለ ጀምበሩ።

«ማን ፈቅዶለት? ስሜን ነጠቀኝ፣ ዝም ብዬ... ዘፈኔን ደግሞ! እንኳንም መታሁት! ይሄን ባውቅ ኖሮ ቡሬካሱን ሳላስነክሰው ነበር የምመታው!»

አዳራሹ በዚያን ቀን በሳሙኤል ቃል ጸጥ ያለው ያኔ ብቻ ነው። ሊኦር ካቴናውን አወጣ፤ ገዳዩን ራሱ ያገኘው ይመስል ደረቱን ነፍቶ ሳሙኤልን ይዞ ወጣ። ማናለሽ ከኋላው እያየችው፣ «ሪፖርቱን እሱ ነው የሚጽፈው» አለች ለእልፍነሽ። «እንደ ውብነህ ሦስት ቦታ ስሙን ይጽፍበታል።»

ፖሊሱ ከኑሪት አጠገብ ዞር አለ። ነፃ ናት። ተነሥታ ወደ ጥጉ ሄደች፤ አያቷ መዳፉን ከፊቱ አቁሞ አስቆማት።

«አትንኪኝ፣ ልጄ። ሰባት ቀን።»

«እኔን ነው ገዳይ ያልከኝ፣ አባባ?»

«ሻርፑን ሳየው... ለአንቺ ብዬ ነው። ልሞትልሽ ነበር እኮ።»

«እንድትሞትልኝ ማን ጠየቀህ? ለእኔ ከሆነ አንድ ቃል ትጠይቀኝ ነበር። ‹ኑሪት፣ አንቺ ነሽ?› ማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል?»

ሽማግሌው ማሲንቆውን አንሥቶ ደረጃውን በዝግታ ወረደ። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ማንም በማይነካው ቦታ ተቀመጠ።

ጀምበሩ ሞተሩን አስነሣ። ኑሪት በሩ ላይ ቆማ ቆየች። የፊቱ ወንበር ሁሉ ባዶ ነው፤ ሾፌሩ አጠገብ ያለውም። እያንዳንዱን እያለፈች እስከ ኋላ ሄደች። ከአያቷ አንድ ወንበር ተወችና ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

«ልሂድ?» አለ ጀምበሩ በመስታወቱ እያያቸው።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለች ኑሪት። «ትከሻውን ያመዋል።»